አራተኛው ሳጥን

የእህቴ የሲትላሊ አንገት ላይ እብጠት ከወጣ አራት ወሩ ነው። እናታችን የድንበሩን ወንዝ አዝላት ስትሻገር የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እኔ ደግሞ እዚሁ ሂውስተን ተወለድኩ፤ ስለዚህ የጤና ኢንሹራንስ ካርድ አለኝ። እሷ የሥራ ፈቃድ አላት፣ ቀኑን ሙሉ ኬክ ቤት ውስጥ ኬክ ስታስጌጥ ትውላለች፤ የመንግሥት ኢንሹራንስ ግን በልጅነቱ ያለ ወረቀት ለመጣ እንደሷ ዓይነቱ ሰው በስንት ጭቅጭቅ ተፈቅዶ መልሶ ተከለከለ። ግብር ሲቆርጡ ግን አንድም ቀን ረስተዋት አያውቁም።

ክሊኒኩ በር ላይ መኪናዬን አቁሜ ካርዴን ሰጠኋት።

«መልካችን እንደሆነ አንድ ነው። ኖኤሚ ነኝ በያቸው፣ በቃ።»

«እንኳን ለነሱ ለእኔም ትምታቱብኛላችሁ» አለች እማዬ ከኋላ ወንበር። «እባክሽ ልጄ፣ ዛሬ እንኳ ግትርነትሽን ተይው።»

ሲትላሊ ካርዱን አገላብጣ አየችና መለሰችልኝ።

«ከዳንኩስ እሺ። ብሞት ግን ወረቀቱ ላይ የሞትሽው አንቺ ነሽ። ሃያ አራት ዓመት በኖርኩበት አገር በገዛ ስሜ ልታመም።»

ተናደድኩ። የሷ ነገር ኩራቷ ራቷ ነው።

ስንገባ እንግዳ ተቀባዩ ቅጽ ሰጣት። «ኢንሹራንስ ለምን የለዎትም?» ይላል። ከሥሩ ሦስት ሳጥኖች አሉ፦ አቅም የለኝም፣ ሥራ ለቅቄያለሁ፣ አልፈለግኩም።

«አንዱ ላይ ምልክት አድርጊና እንገላገል» አልኳት።

እሷ ግን ኬክ ላይ እንደምትጽፈው ተጠንቅቃ አራተኛ ሳጥን ሳለች። አጠገቡ «ስለከለከላችሁኝ» ብላ ጻፈችና ምልክት አደረገችበት።

ሰውዬው ቅጹን አየው። «እንዲህ የሚል ሳጥን የለንም።»

«አሁን አላችሁ።»

«ሌላ ቅጽ ልስጥዎት።»

«ይስጡኝ። እሱም ላይ እስለዋለሁ።»

«ኢንሹራንስ ለሌለው ተራው ይርቃል። ዛሬ ላይደርስዎት ይችላል።»

«መጠበቅ ለምጄዋለሁ» አለችና ተቀመጠች።

ከኋላችን ተሰልፎ የነበረ፣ ጫማው ሲሚንቶ የለበሰ ጎልማሳ እጁን ዘረጋ። «እህት፣ እስክሪብቶውን አቀብይኝማ። እኔም በአራት ዓመቴ ነው ያመጡኝ።»

የሱ ሳጥን ተንጋደደ። ሲትላሊ እዚያው ጉልበቷ ላይ አድርጋ አስተካከለችለት። ቀጥሎ አንዲት ነፍሰ ጡር መጣች፣ ከዚያ ሌላ። እስክሪብቶው ወደ እኛ ሳይመለስ ምሳ ሰዓት አለፈ። እኔም ካርዴን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ አፍሬ ነበር፣ በእሷ ሳይሆን በራሴ።

ሊዘጉ ሲሉ አንዲት ነርስ ብቅ ብላ ስም ጠራች። የእኔን ሳይሆን የእሷን፣ ከነአባቷ ስም።

ከሁላችን ቀድማ የተነሳችው እማዬ ነበረች።