ያቺ ከምትሠራበት በቀር

ጸጉር ሠሪዋና መስታወት ገጣሚው ባሏ ፒካፑን የገዙት ተጋግዘው ነው። ግማሹ ከሷ ሳሎን፣ ግማሹ ከሱ ወርክሾፕ ወጣ። ያገለገለች ነጭ መኪና ናት፤ የግራ በሯ ካልገፉት አይዘጋም፤ ሞተሯ ግን ጤነኛ ነው። ባልየው ከኋላዋ መስታወት የሚደገፍበት የእንጨት መቆሚያ ሠራላት፣ ጠርዙንም ከሚስቱ ሳሎን በወጣ አሮጌ ምንጣፍ አለበሰው። እስከዚያ ድረስ መስታወት የሚያጓጉዘው የሰው መኪና እየለመነ ስለነበር፣ ፒካፗ ደጃፍ የቆመች ዕለት ዙሪያዋን እየዞረ አይቶ አልጠግብ አለ።

የቀረው ኢንሹራንስ ነበር።

“ዛሬ አንድ ቦታ ጠይቄ መጣሁ” አላት ምሳ እየበሉ። “ዋጋቸው ጥሩ ነው። እዚያ ያለችው ሠራተኛ ደግሞ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አስረዳችኝ።”

“ማናት እሷ?”

ባልየው ዓይኑን ሳህኑ ላይ ጣለ። “ያቺ ናት” አለ።

በዚያ ቤት “ያቺ” የምትባለው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ባልየው ከመጋባታቸው በፊት አጭቷት የነበረች። ስሟ አይነሣም። የሚያነሷት የባልየው እናት ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ለዓይን ሕክምና ከተማ በገቡ ቁጥር፣ ምራታቸው ሻይ እየቀዳችላቸው፣ “ያቺ ልጄ እንዴት ሆና ይሆን?” ይላሉ። ጸጉር ሠሪዋ ሴትዮዋን በዓይኗ አይታት አታውቅም። የምታውቀው ባሏ ገና ሲተዋወቁ የነገራትን ነው፤ “እኔው ነኝ የተውኳት፤ ጸባያችን አልገጠመም።” አማቷ ሲያነሷት የምትጽናናው በዚች ነገር ነበር። አሁን ግን የተተወችው ሴት ከባሏ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ አንድ በአንድ የምታስረዳ ሆነች።

“ኢንሹራንሱን ለኔ ተወው” አለችው።

“ጨርሼዋለሁ እኮ። የቀረው መፈረም ነው።”

“አንድ ቦታ ጠይቆ የሚገዛ የት አለ? ሰው ለጫማ እንኳ ስንት ሱቅ ይዞራል።”

ባልየው ተስማማ። የተናገረችው ልክ ነበራ።

በማግስቱ ነገሩን ሳሎን ውስጥ አብራት ለምትሠራው ሹሩባ ሠሪ ነገረቻት። ሹሩባ ሠሪዋ የደንበኛዋን ጸጉር እየከፈለች ሰምታ ሰምታ፣ “እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ” አለቻት። “የምትፈልጊው ርካሽ ነው ወይስ እሷ የሌለችበት?”

“ሁለቱንም።”

“አንዱን ታጪያለሽ። እኔ አልኩ።”

ከዚያ ወዲያ ጸጉር ሠሪዋ የምሳ ሰዓቷን በየኢንሹራንስ ቢሮው መዞሪያ አደረገችው። መጀመሪያ የገባችበት ወለሉ የሚያንሸራትት ትልቅ ሕንፃ ነበር። ክራቫት ያሰረው ሰውዬ ዋጋውን ሲነግራት ፒካፑን ሁለተኛ የምትገዛው መሰላት። አመስግና ወጣች። ሁለተኛው ዋጋው ዝቅ ያለ ስለነበር ፊቷ ፈካ፤ ጠጋ ብላ ስትጠይቅ ግን ግጭት በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ ባለመኪናው ከኪሱ የሚያወጣው ድርሻ ነበረበት፣ ድርሻውም ትንሽ ጭረትና ጉብጠትን ሁሉ ጠቅልሎ የሚውጥ ነው። ትልቅ አደጋ ካልደረሰ በቀር ኢንሹራንስ አለን ማለቱ ለስሙ ነበር። ሦስተኛው ቢሮ ያሉት ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ተረጋግተው አስረዷት። “ርካሹ የሦስተኛ ወገን የሚባለው ነው” አሏት። “እናንተ ሰው ብትገጩ ለተገጨው ይከፍላል። ለራሳችሁ መኪና ግን አምስት ሳንቲም የለውም። ሙሉ ሽፋን ከፈለግሽ ዋጋው ይህ ነው።” ይህም ያቺ ከሰጠችው ትንሽ ከፍ ይላል።

እየዞረች ሥራውን አወቀችው። ግን ባወቀች ቁጥር፣ ያቺ ሴት ለባሏ የሰጠችው ዋጋ የማያታልልና የተመጣጠነ መሆኑ እየታያት መጣ። ከየቢሮው ደረጃ ስትወርድ ሳትወድ በግዷ ያቺን ታመሰግናለች። ያንገበገባት ይኸው ነው። ሴትዮዋ አጭበርባሪ ብትሆን እፎይ ባለች ነበር።

በዚህ መሐል አንድ ቀን ጠዋት የባሏ ስልክ ጠራ። ሰውየው ጫማውን እያሰረ፣ “አዎ... እየተማከርን ነው... እሺ... እሺ... እሺ፣ አመሰግናለሁ” ብሎ ዘጋው።

“ሦስት ጊዜ እሺ አልካት” አለች ሚስቱ።

“ታዲያ እምቢ ልበላት?”

“አንድ እሺ አይበቃም?”

ባልየው ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያየው ተወውና ወደ ሥራው ሄደ። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ እሺዎቹን ስታመነዥክ ዋለች። የመጀመሪያው የደንበኛ እሺ ነበር። ሁለተኛውም ምንም አይልም። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ለስለስ ያለ መሰላት። የአንዲት ሴት ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ረስታው ሊያርርባት ለትንሽ ተረፈ።

በመጨረሻ የምትፈልገውን አገኘች። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ፣ በተደራረቡ ጎማዎች መሐል ጠረጴዛ ያስቀመጠ ወኪል ነበር፤ ሳቂታ ሰው ነው።

“ለሥራ ነው ለቤት?” አላት።

“ባሌ መስታወት ይጭንበታል።”

“የኔ እናት፣ መስታወቱን ማን ጠየቀሽ? የቤት መኪና እንበለው፣ ዋጋው ዝቅ ይላል። ማን ያያል ብለሽ ነው?”

ዝቅ ያለው ዋጋ ከያቺ በታች ሆነ። ብዙም አይደለም፤ ግን በታች ነው። ጸጉር ሠሪዋን ከርካሽነቱ ይልቅ ደስ ያሰኛት ሴትዮዋን መርታቷ ነው። “ባሌን ይዤ ነገ እመጣለሁ” ብላው ወጣች። በቀጥታ ወደ ሳሎኗ መመለስ ነበረባት። እግሯ ግን ያቺ ወደምትሠራበት ወሰዳት። የረታችውን ሰው መልክ ማየት አማራት።

ተራዋን ይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ከሩቅ አየቻት። በሐሳቧ ስታይ የኖረችው ረጅም፣ አንገቷ መቃ የመሰለ ሴት ነበር። ይህቺ አጠር ያለች ናት፤ መነጽር አድርጋለች፤ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋን በሶፍት እየጠረገች ትሠራለች። ትንሽ ቀለል አላት። ከዚያ ሴትዮዋ አንድ አዛውንት በነገሯት ነገር ሳቀች፤ አዛውንቱም፣ ከኋላ የተሰለፈውም ሰው አብረዋት ሳቁ። ጸጉሯንም ስታየው የሠራላት ሰው እጅ ያለው ነበር፤ ይህንን ልካድ ብትል እንኳ ዓይኗ እምቢ አለ።

ተራዋ ደረሰ።

“እንደምን ዋሉ? ምን ልርዳዎት?”

“ለፒካፕ ነው። ሙሉ ሽፋን።”

“ለሥራ ነው ለቤት?”

“ለቤት።”

ሴትዮዋ የመኪናውን ዓይነትና ቀለሙን ጠየቀቻት፣ ስትመልስላት እየጻፈች ሰማች። ከዚያ እጇ ቆመ። “ከኋላ የተገጠመ ነገር አለው?”

“የእንጨት መቆሚያ” አለች ጸጉር ሠሪዋ። ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው የነቃችው።

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። “ሚስቱ ነሽ” አለቻት ዝግ ብላ።

“በምን አወቅሽ?”

“ባለፈው መጥቶ ስለዚያ መቆሚያ ሲያወራኝ ነበር። ምንጣፉ ካንቺ ሳሎን እንደመጣም ነግሮኛል።”

ጸጉር ሠሪዋ ምንጣፉን እንኳ አውርቶላታል ስትል አሰበች። ሌላ ሰው ቢሆን ባሌ እኔን እያነሣ ነበር ብሎ ደስ ይለው ነበር። እሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ፣ “ካንቺ የረከሰ አግኝቻለሁ” አለቻት።

“ጥሩ ነዋ። የቤት መኪና ነው ብለሽ ነው?”

ጸጉር ሠሪዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

“ስሚኝ” አለች ሴትዮዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “እኔ ጋ ግቢ አልልሽም፤ የትም ግቢ። ግን አደጋ ሲደርስ ሰው ይልካሉ፤ የተላከው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ያንን መቆሚያ ነው። ‘የቤት መኪና ብላችሁ አልነበር?’ ይላችኋል። ከዚያ በኋላ የከፈላችሁትን ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ስትዪ የብብትሽን እንዳትጥዪ።”

ልክ ነበረች። ጸጉር ሠሪዋም ልክ መሆኗን አውቃለች። የሚገባው ማመስገን ነበር። ቅናቷ ግን አላስችል ብሏት፣ ሊያቆስል የሚችል ነገር ፈለገች።

“ሲተውሽ በጣም ከፍቶሽ ነበር?” አለቻት።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት። “ተውኳት አለሽ?” አለች፣ ወዲያውም እንደመጸጸት ብላ፣ “ተይው፤ የቆየ ነገር ነው” አለችና መነጽሯን መልሳ አጠለቀች።

ከዚያ የበለጠ ማስረዳት አላስፈለገም። ጸጉር ሠሪዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ወርክሾፑ ስትደርስ ባሏ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ መስታወት ዘርግቶ በመቁረጫው እየሳበ ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም።

“ማነው የተወው?” አለችው።

“ምኑን?”

“አንተ ነህ የተውካት ወይስ እሷ?”

መቁረጫው ስቶ መስመሩ ጠመመ። ያን ያህል መስታወት ተበላሸ። መቁረጫውን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ። “እሷ ናት” አለ። “‘ጥሩ ሰው ነህ፤ ግን ልቤ አልፈቀደም’ አለችኝ። ሽማግሌ ሁሉ ተልኮ ካለቀ በኋላ። ይህ ለማን ይወራል? ካንቺ ጋር ስንተዋወቅ፣ ሌላ ሴት የጣለችው ሰው ሆኜ እንድታዪኝ አልፈለግኩም።”

“ባትተውህ ኖሮ ታገባት ነበር?”

ብዙ ባል ይህን ጥያቄ በማታለል ያልፈው ነበር። እሱ ግን፣ “አዎ፣ አገባት ነበር” አላት።

ጸጉር ሠሪዋ የምትቀመጥበት ፈልጋ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። እንደዚያ ቀን አዝና አታውቅም። በሰው ትራፊ ላይ ስኮራ ኖሬአለሁ አለች በልቧ። ያቺ ሴት አፍንጫዋን እየጠረገች የተወችውን፣ እሷ እሺዎቹን እየቆጠረች ስትጠብቀው ኖራለች።

“አገባት ነበር” አለ ባልየው ደግሞ፣ “ደስ ብሎኝ እኖር እንደነበር ግን አላውቅም። ካንቺ ጋር ደስ ብሎኝ እንደምኖር አውቃለሁ። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።”

ተነሥታ መጥረጊያውን አንሥታ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ስብርባሪ መጥረግ ጀመረች፤ እሱም መስታወቱን ከሌላ ጫፍ እንደገና ለካ። ማታ ወደ ቤት አብረው ሄዱ። ጎረምሳና ኮረዳ ቢሆኑ ይጣሉ ነበር፤ እነሱ ግን የሚከፈል የቤት ኪራይና ደጅ የቆመ፣ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ነበራቸው።

በማግስቱ ጠዋት ልብሷን እየለበሰች፣ “ተነሥ፣ እንሂድ” አለችው። የወሰደችው ጸጉራቸው የሸበተው ሰው ዘንድ ነው። መኪናው የሥራ መሆኑን፣ መስታወት እንደሚጭን፣ መቆሚያውንም ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሰውየው ዋጋውን ነገሯቸው። ባልየው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ “እዚያኛው ይረክሳል እኮ” አላት።

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

“ልዩነቱን እኔ እከፍላለሁ። የቅናቴ ነው።”

ባልየው ሳቅ አመለጠው። ሰውየው ምን እንዳሳቀው ስላልገባቸው ዝም ብለው አዩአቸው። እሷ መጀመሪያ አኮረፈች፣ ቀጥላ እሷም ሳቀች፤ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ፈረሙ።

ከክረምቱ በኋላ፣ ፒካፑ መስታወት እንደጫነ ከአንድ ሕንፃ ሥር ቆሞ ሳለ፣ ወደ ኋላ የሚመለስ የጭነት መኪና ጎኑን ጨፈለቀው። ሰው አልተጎዳም። ከኢንሹራንሱ የተላከው ሰው መጀመሪያ የተመለከተው ያቺ እንዳለችው መቆሚያውን ነው፤ የሥራ መኪና ተብሎ መጻፉን አየና አለፈ። ገንዘቡ ተከፈላቸው፤ ግን በስንት ምልልስ። አማቷ ያን ሰሞን ለዓይናቸው መጥተው ስለነበር፣ “ያቺ ልጄ ጋ ብትገቡ ኖሮ ይኼ ሁሉ መንከራተት አይኖርም ነበር” አሉ።

“ልክ ነዎት፣ እማማ” አለቻቸው ምራታቸው። “እሷ ጋ ቢሆን ይፈጥን ነበር።”

አማቲቱ ለዚህ አልተዘጋጁም ነበር። ብርጭቋቸውን አቀበሏትና ሌላ ሻይ ጠየቁ።

ዓመቱ ሲሞላና ውሉ ሲያልቅ ባልየው የት እንሂድ ብሎ ለመጠየቅ ፈራ። ነገሩን ያነሣችው እሷ ናት። “ያቺ ጋ ሄደን እንጠይቅ። አብረን ነው ግን የምንሄደው” አለችው። የዚያን ዕለት ማለዳ ተነሥታ ሹሩባ ሠሪዋን ቤቷ ድረስ አስጠርታ ጸጉሯን አሠርታ ነበር፤ ለሠርግ ያሠፋችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ተረከዛም ጫማ ተጫምታ ፒካፑ ላይ ወጣች።

ቢሮው ሲገቡ በሴትዮዋ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። አዲስ ነው፤ ክራቫቱ ገና አልለመደውም።

“እዚህ የነበረችው?” አለች ጸጉር ሠሪዋ፣ ባሏን ቀድማ።

“እድገት አግኝታ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛውራለች።”

ሰውየው ዋጋውን ነገራቸው። እሷ በደንብ የምታውቃቸውን ጥያቄዎች ሁሉ ጠየቀችው፤ ከኪስ የሚወጣው ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ መስታወቱ ጭምር ይሸፈን እንደሆነ፣ ክፍያው በምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ። ከሸበቱት ሰውዬ የተሻለ ነበር። እዚያው ገቡ።

ሲመለሱ ባልየው ጥቂት ከነዳ በኋላ በዓይኑ ጫፍ አያት። “ለማን ነበር እንዲህ ያማረብሽ?”

“ዝም ብለህ ንዳ።”

ነዳ። መብራት ላይ ሲቆሙ፣ ተረከዛም ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች፣ “ዋናው መሥሪያ ቤት የት ነው?” አለችው።

“አላውቅም” አለ ባልየው።

ቶሎ ነው የመለሰው። ትንሽ አሰብ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር።