ማንም ያልከፈለው ዋጋ

"አጎቴ፣ ሁለት መቶ ሺህ ፍራንክ ብለህ የለጠፍክበት አንተው ነህ! ግብሩም በእሱ ይታሰባል" አለች ናዒማ፣ ካልኩሌተሩን ወደ ባሺር እየገፋች።

"እሱ እኮ ለማስታወቂያ ነው! ካርቲየ ሰባት ሰፈር ውስጥ በተለጠፈ ዋጋ የሚገዛ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ናዒማ የእህቱ ልጅና የሱቁ ሂሳብ ሠራተኛ ናት። ሂሳብ ያስተማራት ራሱ ባሺር ነው፤ ዛሬ ግን ምነው ባላስተማርኳት አሰኝታዋለች።

ጣጣው የመጣው ከአንድ ፍሪዘር ነው። ባሺር ገበያ ይስብልኛል ብሎ ለደንበኞቹ የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀ፤ ሽልማቱ ትልቅ እንዲመስልም ዋጋውን ሰቅሎ ለጠፈበት። ያሸነፈችው ውቢት፣ ሄሮን በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር ሴት ናት። ፍሪዘሩን አምቡሊ ሰፈር በተከራየቻት ጠባብ ሱቅ አስገብታ ቀዝቃዛ ውሃ ልትሸጥ፣ ከሰው ቤትም ልትወጣ ቆርጣለች። የሽልማቱን ግብር ካልከፈለች ግን አይሰጣትም።

"ጋሼ ባሺር፣ ይህን ያህል ከከፈልኩማ ለሱቁ ኪራይ ምንም አይተርፈኝም" አለች ፊታቸው የቆመችው ውቢት። "ሽልማት ነው አላላችሁኝም እንዴ?"

ባሺር ወደ ናዒማ ዞረ።

"ወላሂ፣ ትናንት አንዱን በመቶ ሃያ ሺህ ነው የሸጥኩት!"

"በመሐላ አይሆንም" አለች ናዒማ። "ሰው ከፍሎ የወሰደበትን አንድ ደረሰኝ ስጠኝ፣ በእሱ አስበዋለሁ።"

ደረሰኝ ከየት ይምጣ! ባሺር ተከራክሮ የተስማማበትን ዋጋ ጽፎ አያውቅም። አንዴ ከተጻፈ ወሬው ሰፈሩን ያዳርሳል፣ ገዢ ሁሉ ከዚያው ዋጋ ክርክር ይጀምራል ብሎ ይፈራል። መጋዘኑ ደግሞ ገና ባልተሸጡ ፍሪዘሮች ተሞልቷል።

በሩ አጠገብ ተቀምጣ በሌላ ተመሳሳይ ፍሪዘር ዋጋ ከጠዋት ጀምሮ ስትከራከረው የቆየችው ዓሣ ነጋዴዋ ጀዋሪያ በዚህ መሃል ተነሳች።

"የእናንተ ነገር ማለቂያም የለው። መቶ ሃያ ብያለሁ፤ ካልሆነ ልሂድ።"

ባሺር ትንሽ ሊያስጨምራት ነበር ሐሳቡ። አሁን ግን በናዒማም፣ በጀዋሪያም፣ ከሁሉ በላይ በራሱ በግኗል። ዞር ሲል ውቢት ቦርሳዋን ዘግታ ልትወጣ ነው።

"ውቢት፣ ቆይ" አለ። "ጀዋሪያ፣ በመቶ ሃያ ውሰጂው።"

"አብሽር፣ ለማንም አልናገርም" አለች ጀዋሪያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዋጋ በቀነሰላት ቁጥር የሚያስምላት ይህንኑ ነበር።

"ተናገሪ" አለ ባሺር፣ ናዒማ ደረሰኙን እንድትጽፍ በእጁ እያመለከተ። "ለፈለግሽው ሁሉ ተናገሪ።"