ፅጌረዳ ኮምፒውተሮቹን ያደሰች ዕለት

«ልጅሽ ቀኑን ሙሉ እዚያ ክፍል ተዘግታ ምንድን ነው የምትሠራው?» አለችኝ ሐረገ ወይን፣ አርብ ገበያ አተራችንን ዘርግተን እንደተቀመጥን።

ልጄ ፅጌረዳ ደብረ ታቦር ኮምፒውተር ተምራ መመለሷን አውቃለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በሙከራ ቀጥሮ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ እንደሰጣትም አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ለእኔ የማላየው አገር ነበር።

«ታስተካክላለች» አልኳት።

«ምኑን?»

«የተበላሸውን ነዋ!»

«እንግዲያው እኔም ቤት ትምጣ፤ ባሌ ተበላሽቶብኛል» ብላ ሳቀች። አጠገባችን ሽንብራ የምትሰፍረው ሴትም ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

የሐረገ ወይን ልጅ መዓዛ በማግሥቱ ንጋት በአውቶቡስ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው፤ ከዚያም ወደ ዐረብ አገር። እሷና ፅጌረዳ አብረው ያደጉ ናቸው። ፅጌረዳ ጧት ከቤት ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «እማ፣ ዛሬ ኮምፒውተሮቹ ካልተሠሩ እኔም ነገ ከመዓዛ ጋራ እሄዳለሁ» አለችኝ። ርእሰ መምህሩ አቶ ንጋቱ ቁርጡን ነግረዋታል። ሰኞ ተማሪዎቹ በኮምፒውተር የፈተና ልምምድ ይጀምራሉ። እስከ ዛሬ ማታ አንዱ ማሽን እንኳ ለልምምዱ ካልደረሰ ከከተማ ባለሙያ ያስመጣሉ፤ የሥራ ቦታውም የሱ ይሆናል። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ልጆቹ ሳይለማመዱ ፈተና እንዳይገቡ ነው።

አተሩን ለሐረገ ወይን ትቼላት ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣሁ። የጎልማሶች ትምህርት የምማረው እዚያው ግቢ ስለሆነ ዘበኛው ያውቀኛል።

«እታለም ዓለሚቱ፣ ዛሬ የእናንተ ትምህርት የለም እኮ» አለኝ።

«አውቃለሁ። ልጄን ላያት ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ፅጌረዳ አንዱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች፤ ግንባሯ ወዝቷል። ከጎኗ መምህር ፈንታ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። መምህር ፈንታ ጡረታቸው የደረሰ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ከእሷ በፊት የክፍሉ ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነበር። ዛሬም ቢሆን ጧት ጧት እየገቡ የማሽኖቹን አቧራ በጭራቸው ያራግፋሉ።

«እማ፣ ምነው መጣሽ?» አለች ፅጌረዳ፣ ዓይኗን ከማሽኑ ሳትነቅል።

«ዝም ብዬ ነው። ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

አንድ ጊዜ ተነፈሰችና እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። «ይኸውልሽ እማ፣ ኮምፒውተር የሚታዘዝለት ሥርዓት አለው። የእነዚህ አርጅቷል፤ የፈተናውን ልምምድ አልቀበልም ይላል። ሌላ ቦታ አዲሱን በኢንተርኔት ይስቡታል። የእኛ ኔትወርክ አንዲት ፎቶ እንኳ ማሳለፍ ስለማይችል እኔ ከኮሌጅ በፍላሽ ገልብጬ አመጣሁት።»

«አሮጌው ሲወጣ ውስጡ ያለውስ?»

«እሱ ነው ጭንቁ። የተማሪዎቹ ውጤት ሁሉ ያለው እዚህ ማሽን ላይ ነው። ቤት ውስጥ ያለው እህል ሳይነካ የሣሩን ክዳን አንሥቶ ቆርቆሮ እንደማልበስ ነው።»

ይህ ገባኝ። ገብቶኝም ይበልጥ ፈራሁ። እኛ ክዳን የቀየርን ዓመት ዝናብ ደርሶብን ገብሱ ጎተራው ውስጥ በቅሏል።

«አሁን ታዲያ ምን አለሽ?»

«አላስገባም አለኝ። ፍላሹን ቀየርሁ፤ ያው ነው። በዲቪዲም ያመጣሁት ነበረኝ፤ ያው ነው። ሠሪዎቹ የመቱበትን ማኅተም አላምነውም ይላል። ከኮሌጅ ስገለብጠው ተበላሽቶ ይሆናል። ደብረ ታቦር ደርሼ እንዳልመለስ ቀኑ አይበቃኝም።»

በዚህ መካከል መዓዛ በመስኮቱ ብቅ አለች። ነጠላዋን አገልድማ፣ የመንገድ ጫማ ገዝታ በእጇ ይዛለች።

«አንቺ፣ የአውቶቡሱ ረዳት አንድ ቦታ ልያዝ ወይስ ሁለት ይለኛል።»

ፅጌረዳ ፍላሹን ነቅላ እንደገና ሰካች።

«ዝምታሽ ሁለት ነው ልበል?»

«ትንሽ ቆዪኝ።»

«እኔማ እቆያለሁ፤ የማይቆየው አውቶቡሱ ነው» አለችና እኔን አየችኝ፤ ዓይኗን ቶሎ መለሰች። «እማማ ዓለሚቱ፣ እኔን አይርገሙኝ። ለብቻ መሄድ ፈርቼ ነው።»

«ምን ብዬ እረግምሻለሁ ልጄ» አልኋት። በልቤ ግን የቤተ ልሔሟን ማርያም እለምን ነበር። ለአንዲቱ ልጅ መቅረት መለመን ለሌላዪቱ ብቸኝነት መለመን እንደሆነ ገብቶኛል። ቢሆንም ለመንሁ።

መምህር ፈንታ ይህን ሁሉ እንዳልሰሙ ሆነው ሰዓታቸውን ተመለከቱ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። «ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ጾሙ ሊፈታ ነው» አሉ። ከዚያ የኮምፒውተሩን ጥግ በጭራቸው ጫፍ አመለከቱና ፈገግ አሉ። «እዩት እሱም ዘጠኝ ይላል። ከእኔ ሰዓት ጋራ ቅንጣት አይለያይም።»

ፅጌረዳ ወደዚያ ጥግ አየች። እኔም አየሁ። የተጻፈው እንግሊዝኛ ቢሆንም ቁጥሩን አነባለሁ፤ ዓመቱ 2017 ይላል። ክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ነው። ምንም ስሕተት አላየሁበትም።

እሷ ግን ከወንበሯ ተነሣች።

«መምህር፣ ይህን ቀን የሞላው ማነው?»

«እኔ ነኛ! የነዚህ ባትሪ ስለሞተ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይጠፋባቸዋል። በየማለዳው ሁሉንም አስተካክላቸዋለሁ። አንቺ ሥራ ስለሚበዛብሽ ብዬ ነው።»

«ዓመቱንም በእኛ ነው የሞሉት?»

«ታዲያ በማን ልሙላው?»

ፅጌረዳ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ልታለቅስ ነው ብዬ ተነሣሁ፤ እሷ ግን ትስቃለች።

«ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው መምህር። ፈረንጁ ሃያ አምስት ላይ ደርሷል፤ እሱ ግን አሥራ ሰባት ላይ ተቀምጧል። አዲሱ ሥርዓት ማኅተሙ የተመታው ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ‹ይህ ቀን ገና አልደረሰም፤ ማኅተሙ ሐሰት ነው› እያለ ነው።»

መምህር ፈንታ ወደ ማሽኑ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አዩ። «እንዲህ ከሆነማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ገና ያልተወለደ ሰው ደጁን እያንኳኳበት ነው። እኔስ ብሆን መች እከፍት ነበር!»

መዓዛ በመስኮቱ ከት ብላ ሳቀች። መምህር ግን ጭራቸውን አስቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። «ያገዝሁሽ መስሎኝ ነበር ልጄ። እንጀራሽን ልዘጋብሽ ነበር ለካ።»

«ኧረ መምህር! ስንት ጊዜ ያየሁት እኮ ነው። የእጄ ስልክም ዘጠኝ ሰዓት ይላል፤ አሥራ ሰባት ይላል። ትክክል መስሎኝ አለፍሁት። ይልቅ እርስዎ ባያሳዩኝ አላየውም ነበር።»

አቶ ንጋቱ በዚህ ጊዜ ገቡ። «ምን ተገኘ? ጥፋቱ የማን ኖሯል?» አሉ።

«የማንም አይደለም» አለች ልጄ። «ቀኑ ተዛብቶ ነው። አሁን ይስተካከላል።»

ማሽን ማስተካከልን ትምህርት ቤት ያስተምራል። ሽማግሌ አለማሳፈርን ግን ማንም ክፍል አስቀምጦ አላስተማራትም። ያን ጊዜ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝሁ።

ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ፈረንጁ መለሰችው። አዲሱን ከማስገባቷ በፊት ግን የተማሪዎቹን ውጤት ሁሉ ወደ ሌላ ማስቀመጫ ገለበጠች። ቀጥላም የትምህርት ቤቱ ጄኔሬተር እንዲነሣ አደረገች።

«መብራት አለ እኮ» አሉ አቶ ንጋቱ።

«አላምነውም። መካከል ላይ ከጠፋ ክዳኑ ተነሥቶ ዝናብ መጣ ማለት ነው» አለች።

ፍላሹን ሰካች። በዚህ ጊዜ አላስገባም አላለም። ቁጥር እየጨመረ መሄድ ጀመረ። ልጄ ወደ መቶ ይደርሳል አለችኝ፤ እኔ እያነበብሁ እቆጥራለሁ። አርባን ካለፈ በኋላ ቆመ።

«ሞተ እንዴ?»

«እያሰበ ነው እማ። ተይው።»

ቁጥሩ እንደገና ሄዶ ስልሳን ሲያልፍ ከታች የወፍጮ ቤቱ ድምፅ ድንገት ጠፋ። የከተማው መብራት ሄዷል። መምህር ፈንታ አማተቡ። የእኛ ክፍል ማሽን ግን እንደበራ ነው። አቶ ንጋቱ ውጭ የሚያጓራውን ጄኔሬተር አዳመጡ፤ ከዚያ ልጄን አዩዋት።

መቶ ከሞላ በኋላ ማሽኑ ጨርሶ ጠቆረ። ያኔ እውነት ለመናገር እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። የገለጥሁት መምህር ፈንታ «እልል በይ እንጂ ዓለሚቱ!» ሲሉኝ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ክፍሉን ሞልቶታል።

አቶ ንጋቱ ግን አላጨበጨቡም። «ውጤቱን አሳዪኝ» አሉ። ከፈተችው። የአንዱን ተማሪ ስም ጠሩ፤ አለ። የሌላውን ጠሩ፤ አለ። አምና የጨረሱትንም ጠሩ፤ አሉ። የፈተናውን ልምምድ ራሳቸው ከፈቱት፤ ተከፈተ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ «ሰኞ ጧት ቢሮ ነይ። ሙከራ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ አብቅቷል» አሏት። እኔንም እጅ ነሡኝ። አቶ ንጋቱ እጅ ሲነሡኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ፅጌረዳ ወደ መስኮቱ ሄደች። መዓዛ ጫማዋን እንደያዘች ቆማለች።

«አንድ ቦታ ነው» አለቻት ልጄ።

«አውቄዋለሁ። አንቺ ስትስቂ ነው ያወቅሁት» አለች መዓዛ። ከዚያ በመስኮቱ ፍርግርግ መካከል እጅ ለእጅ ተያያዙ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

በማግሥቱ ሳይነጋ አራታችንም መኪና መናኸሪያው ላይ ነበርን። ሐረገ ወይን የቋጠረችውን ዳቦ ቆሎ ለልጇ አቀበለቻት፤ እኔም አተር ጨመርሁላት። ሐረገ ወይን አታለቅስም፤ ገበያ ላይ የምትቀልደው ሴት ያች አልመሰለችኝም። ረዳቱ በሩን መታና አውቶቡሱ ተነሣ። ፅጌረዳ አቧራው እስኪወርድ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ የቀሩት ማሽኖች ስላሉባት ቁልፏን ከኪሷ አውጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣች።

መዓዛ ሄደች። ፅጌረዳ ቀረች።