ካፖርት የለበሰው በረዶ

በረዶ የነካ ልጅ ሁሉ አይታመምም። ይህን የምለው ለእትዬ ነው፤ ባይሰሙኝም እላለሁ።

ነገሩ የጀመረው የመዋዕለ ሕፃናቱ ቧንቧ በብርዱ ፈንድቶ ትምህርት ሲዘጋ ነው። ቁንጫ ቤት ዋለች። ቁንጫ የወንድሜ ልጅ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው፤ ዘልላ ስለማትያዝ ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሦስታችን አብረን እንኖራለን። እሱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ እኔ ሳሎኑ ጥግ ላይ ባለችው የስፌት መኪናዬ የሰው መጋረጃ እሰፋለሁ። ውጭ በረዶው መንገዱን ሞልቶታል፤ ልጅቷ ደግሞ ሥራ ካልተሰጣት መቀሴን አንስታ የሰው መጋረጃ ላይ ትሞክረዋለች። ስለዚህ ሥራ ሰጠኋት።

ማታ በእርጎ ኩባያዎች ውሃ ሞላን፤ በየኩባያው አንዳንድ አዝራር ጣልንና ፍሪዘር ውስጥ አሳደርናቸው። ጠዋት አውጥተን አንዱ ላይ ጨው ነሰነስን፣ አንዱ ላይ ስኳር፣ አንዱን እንዲሁ ተውነው። የትኛው አዝራር ቀድሞ ይወጣል? ቁንጫ ያለምንም ማመንታት ስኳሩን መረጠች፤ እሷ ብትሆን ለስኳር ነበርና የምትወጣው። ጨው አሸነፈ። አላመነችም፤ በማግስቱ ደገምነው፤ አሁንም ጨው። አኩርፋ ዋለች፤ ማታ ላይ ግን ለአባቷ "ጨው በረዶን ይበላዋል፤ አንተ አታውቅም" ብላ አስተማረችው።

ቀጥሎ ካፖርት ሰፋሁ፤ ለበረዶ። ከመጋረጃ ከተረፈኝ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ኪስ የምታክል ከረጢት ሠራሁና አንዱን በረዶ አለበስነው፣ ሌላውን ራቁቱን ሳህን ላይ አስቀመጥነው። "ካፖርት የለበሰው ቀድሞ ይሞታል፤ ይሞቀዋላ!" አለች። ጠበቅን። ራቁቱ ውሃ ሆኖ አለቀ፤ ባለካፖርቱ ግን ስናወጣው ደህና ነበር። ቁንጫ አፏን ከፍታ ቀረች።

"ካፖርት አያሞቅም እንዴ?"

"ካፖርት የራሱ ሙቀት የለውም። የሚያሞቅሽ የገዛ ገላሽ ነው፤ ካፖርቱ ሙቀቱ እንዳይወጣ ይይዝልሻል። ለበረዶው ደግሞ የውጩ ሙቀት እንዳይገባ ይከለክልለታል።"

አሰበች፤ ስታስብ ምላሷን ታወጣለች። "ካፖርት ዘበኛ ነው" አለች በመጨረሻ። እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም፤ የሚችል ካለ ይምጣ።

እንግዲህ እትዬ። እትዬ ታላቅ እህታችን ናቸው። እናታችን ስትሞት እኔንና ወንድሜን ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፤ አብልተው፣ አልብሰው፣ ቆንጥጠው። ውለታቸውን አልክድም። ነገር ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እኛ ቤት ውስጥ እምቢ የሚባል ቃል ጠፍቷል። ባለፈው ሳምንት ከሩቅ ከተማ ደወሉ። "ልጅቷን እኔ ወስጄ አሳድጋታለሁ፤ ሴት ልጅ በሹፌርና በልብስ ሰፊ መሃል አታድግም" አሉ። እኔ ጮህኩ፣ ተከራከርኩ፣ ስልኩን ልወረውረው ደረስኩ፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ። ወንድሜ ስልኩን ተቀበለኝና "እሺ እትዬ" አለ። ያቺን እሺ በእጄ ብይዛት አንቃት ነበር።

አርብ ከሰዓት በኋላ በራሳቸው መኪና መጡ። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርሰውን የሱፍ ካፖርታቸውን አውልቀው ሰቀሉ፣ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ ከዚያም ወጥ ቤቱን አዩ። ኩባያው፣ የረጠበው ፎጣ፣ ቁንጫ ከደጅ አምጥታ ያቀለጠችው በረዶና ከሥሩ የተረፈው ጭቃ። ፊታቸው ጠቆረ።

"ልጅ ናት በዚህ ብርድ በረዶ የምታስነኳት? እዚሁ ሳንባዋን ልትጨርሱት ነው?"

"ሙከራ ነው" አለች ቁንጫ፣ የሱፍ ከረጢቷን እያሳየች። "ይሄኛው በረዶ ካፖርት ለብሷል፤ ለዚህ ነው ያልቀለጠው።"

"ካፖርትማ ያቀልጠዋል እንጂ። ካፖርት ያሞቃል።"

"አያቀልጠውም።"

"ያቀልጠዋል አልኩሽ!"

"አያቀልጠውም አልኩሽ!" አለች ቁንጫ፤ ድርቅ ብላ።

ወንድሜ ጫማውን ያይ ጀመር። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እትዬ ወደ ወንድሜ ዞሩና "ይኸው አስተዳደጋችሁ። ነገ ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ፤ ልብሷን አዘጋጁ" አሉ። ወንድሜ እሺ አላለም፤ እምቢም አላለም። ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አወጣና የልጁን ልብስ አንድ በአንድ እያጣጠፈ ይከት ጀመር፤ አንዷን ሹራብ ሦስቴ ሲያጣጥፋት አየሁት።

ቁንጫ የዚያን ዕለት ምሽት አላለቀሰችም፣ አልዘለለችም። ሻይ ስንጠጣ ወጥ ቤትና ሳሎን ትመላለሳለች፤ ውሃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ፤ የፍሪዘሩ በር ሲዘጋም ሰማሁ። የመጨረሻ ማታዋ ነው፣ ትጫወት ብዬ ተውኳት።

ጠዋት እንቁላል ጠበስኩ። የጨው ዕቃው ባዶ ነው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ሙሉ ፓኬትም የለም።

"ቁንጫ፣ ጨው አይተሻል?"

"አላየሁም" አለች፤ ዓይኗን በጨው አጥባ። እንቁላሉን አልጫ በላነው።

ከዚያ እትዬ ቁልፋቸውን አጡ። ጠረጴዛው ላይ የለም። ከሥሩ የለም። ቦርሳቸውን ገለበጡ፣ ትራሱን አነሡ፣ የስፌት መኪናዬን መሳቢያ ሳይቀር በረበሩ። እኔ ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ምንም ሳልናገር ፍሪዘሩን ከፍቼ አየሁ። ባዶ ነው። ግራ ገባኝ። ቁንጫ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

"ቁልፉ ሲገኝ ይገኛል፤ ካፖርቴን አምጡ፣ መኪናው ውስጥ ጥዬው እንደሆነ ልይ" አሉ እትዬ። ካፖርቱ ግን መስቀያው ላይ አልነበረም። ከቁንጫ አልጋ ሥር ተጠቅልሎ ተገኘ፤ እጅጌዎቹ እንደ ጥቅል ታስረዋል። እትዬ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈቱት። ከመሃሉ የእርጎ ኩባያ ወጣ። ኩባያው ውስጥ በረዶ፤ በረዶው ውስጥ ቁልፉ። ዳር ዳሩ ትንሽ ረጥቧል እንጂ በረዶው ደህና ነበር።

ፍሪዘር ውስጥ እንደምንፈልገው አውቃለች ማለት ነው። ስለዚህ ሁላችንም ሳንነሣ አውጥታ፣ እንዳይቀልጥባት እሳቸው ያሞቃል ባሉት በዚያው ካፖርት ጠቀለለችው።

"አየሽ?" አለች ቁንጫ። "አላቀለጠውም።"

እትዬ ኩባያውን አገላብጠው አዩት፤ ካፖርቱን በእጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ ራሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና ኩባያውን ለወንድሜ ዘረጉለት። "ሙቅ ውሃ አፍስስበት። ረፍዷል።"

ወንድሜ ተነሣ። ደሜ ፈላ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው፤ እሳቸው ካሉ ይነሣል። ኩባያውን ተቀብሎ ወጥ ቤት ገባ። ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ እየፈላ ነው። ማንቆርቆሪያውን አልፎ ሄደ። ፍሪዘሩን ከፈተ፣ ኩባያውን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገና ዘጋው። ከዚያ ጀርባውን በሩ ላይ አስደግፎ ቆመ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"እምቢ" አለ።

ድምፁ ቀጥኖ ነበር፤ ራሱም የሰማው አይመስለኝም። ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። "እምቢ እትዬ። ልጄ የትም አትሄድም።"

ከተበረበረው መሳቢያ ያነሣሁትን መቀስ በእጄ እንደያዝኩ ሄጄ ከጎኑ ቆምኩ። ቁንጫም መጥታ በእግሮቻችን መሃል ገባች። ሦስታችን ፍሪዘር ተደግፈን ቆመን እትዬን እናያለን፤ ያየን ሰው ስቆ ይሞት ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

"እኔ ባላሳድጋችሁ ኖሮ..." ብለው ጀመሩ።

"አሳድገውናል እትዬ" አለ ወንድሜ። "ያሳደጉኝ ደግሞ ሰው እንድሆን ነው። አሁን የእኔ ተራ ነው።"

እትዬ ቁጭ አሉ። የረጠበው ካፖርት ጉልበታቸው ላይ ነው። ማንቆርቆሪያው እየፈላ ክዳኑን ያንኳኳል፤ ከመካከላችን ግን ሄዶ የሚያወርደው አልነበረም። በመጨረሻ ቀና ሳይሉ "ቁልፌን ስጡኝ። እሄዳለሁ" አሉ።

ወንድሜ አልተንቀሳቀሰም። ከእግሮቻችን መሃል ግን ቁንጫ አንገቷን አወጣች።

"ብቻሽን?"

እትዬ አዩዋት። እኔና ወንድሜ ያን ዓይን ብናይ ገና ድሮ ወለሉ ውስጥ ገብተን ነበር። ልጅቷ ዓይኗን አልሰበረችም።

"ብቻዬን" አሉ።

"እውነትሽን?"

"ብቻዬን ነው የምሄደው፤ በቃ!"

ያኔ ቁንጫ ወጣች። እየሮጠች ደጁ አጠገብ ወደተደረደሩት ጫማዎች ሄደች፣ የራሷን ቦት ጫማ በሁለት እጇ ተሸክማ መጣችና እትዬ ፊት ጠረጴዛው ላይ ባለው ባዶ ሳህን ላይ ገለበጠችው። የቤቱ ጨው ሁሉ ተዘረገፈ።

"በዚህ ቶሎ ይቀልጥልሻል" አለቻቸው።