ድጋሚ ያልታየው ስላይድ

«ተው! ተው እንጂ! ድስት መሰለህ እንዴ?»

ባል እጁ አየር ላይ ቀረ። በጥጡ የመስታወት ስላይዱን ገና አንዴ ፈተግ ማድረጉ ነበር፤ ነጩ ጥጥ ሐምራዊ ሆኗል። ሐምራዊው ደግሞ ቀለም የጠጣ የሰው ደም ነው። በማይክሮስኮፕ ለማየት የተጨመረበትን ዘይት አነሣለሁ ብሎ ደሙንም አብሮ ጠርጎታል።

«ዘይቱ ግን ለቋል» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ ከነደሙ!»

ደግነቱ ሚስት ይህን ቀድማ ጠርጥራ ለመለማመጃ የሰጠችው የሚጣል ስላይድ ነበር። ዋናው አሁንም ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ባልና ሚስት በዚህች ጠባብ ላቦራቶሪ ጎን ለጎን ሲሠሩ ኖረዋል። እሱ ማይክሮስኮፕ ላይ ሲቀመጥ የሚያመልጠው ነገር የለም፤ አይቶ ሲጨርስ ግን ዘይት የተቀባውን ስላይድ እንዳለ ጥሎት ብድግ ነው። ባልደረቦቻቸው «ችኩሉ» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። ያልተነሣ ዘይት አቧራ እየሳበ ይደርቃል፤ ውሎ አድሮ ከሥሩ ያለውን አያሳይም። እሱ የተወውን ዘይት ስታነሣ የምትውለው እንግዲህ እሷ ናት።

ዋናውን ስላይድ ያገኘችው ባለፈው ሳምንት ነው። በሽተኛው ታክሞ፣ ድኖ፣ ቤቱ ገብቷል። በደሙ ውስጥ የነበረው የወባ ተሕዋሲ ግን መስታወቱ ላይ ቀርቷል፤ መጽሐፍ ላይ ካለው ሥዕል እንኳ ይበልጥ ጥርት ብሎ ይታያል። የጤና ኮሌጁ መምህር ወሬውን ሰምተው «ለተማሪዎቼ ማስተማሪያ ይስጡኝ» ሲሏት የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች። ሥራዋ ሁልጊዜ «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ ያልቃል፤ ከዚያ ማንም አያስታውሰውም። ይህ አንዱ ግን ሊቀመጥ ነው። ከደስታዋ ብዛት ለመጣው ለሄደው ሁሉ ዘይት እየጨመረች ስታሳይ ከረመች። ዛሬ ከምሳ በፊት መምህሩ ሊወስዱት ይመጣሉ፤ እሷ ደግሞ ትናንት ደረጃ ላይ አዳልጧት ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ምን ይደረግ!

«በይ አሳዪኝ» አለ ባል፣ ጥጡን ጥሎ።

መስኮቱን ከፈተችለት፤ ዘይቱን የሚያሟሟው የዛይሊን ሽታ ራስ ያዞራል። «የሌንስ ወረቀቱን አልብሰው። እንዳትጫነው! አሁን ዛይሊኑን ጠብ አድርግበት። ጎትት... ቀስ! ኧረ ቀስ በል፣ አውቶቡስ አያመልጥህም!»

ወረቀቱ በመስታወቱ ላይ እየተንሸራተተ ዘይቱን ይዞት ሄደ። ሐምራዊው ንቅንቅ አላለም። በሌላ መለማመጃ ደገመው፤ ያም ተሳካለት። ከዚያ ዋናውን ከሳጥኑ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችና አናቱ ላይ ቆመች።

«እንዲህ ቆመሽብኝስ አልችልም» አለ።

«ብታበላሸውስ?»

ወረቀቱን አስቀምጦ ዞሮ አያት። «እቤት ያጠብኩትን ሰሃን መልሰሽ እንደምታጥቢው የማላውቅ መሰለሽ?»

ክው አለች። እሱ ከማድቤቱ እስኪወጣ ጠብቃ፣ ቧንቧውን በቀስታ ከፍታ ነበር የምታጥበው።

«ቅባት ስለሚቀረው እኮ ነው...»

«ይቀረዋል፤ አልዋሽም» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። «ይቺን ግን ለእኔ ተያት።»

ጋዋኗን አውልቃ ሰቀለችና ወጣች። ኮሪደሩ ላይ በሽተኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ለስላይዱ ፈራች፤ በሰሃኑ ደግሞ አፈረች። የቱ እንደሚብስ እንጃ! አጠገቧ የተቀመጡ እናት በፋሻ የታሰረ እጇን አይተው አዘኑላት።

«አይዞሽ ልጄ። አንቺም ውጤት እየጠበቅሽ ነው?»

«አዎ፣ እማማ» አለች፤ እውነቷን ነው።

«ነይ!» የሚለው ድምፅ ሲመጣ ዘላ ገባች። ስላይዱ ወረቀት ላይ ተጋድሞ ያብለጨልጫል። በግራ እጇ ጠርዙን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ዘይት የለም፤ ሐምራዊውም በቦታው ነው። ነገር ግን ያቺ ተሕዋሲው የሚታይባት ቦታ፣ ከመርፌ ጫፍ የማትበልጠው፣ ትኑር አትኑር በዓይን አይለይም። ለማወቅ ዘይት ጠብ አድርጎ ማየት፣ ካዩ በኋላም እንደ አዲስ ማጽዳት ነው።

እጇ ሳታዘው ወደ ዘይቱ ጠርሙስ ሄዶ ክዳኑን አዞረ።

ባል ጓንቱን ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት ያወልቃል። እንዲህ ረጋ ብሎ ጓንት ሲያወልቅ አይታው አታውቅም። አንጀቷን በላው።

በሩ ተንኳኳና መምህሩ ጎንበስ ብለው ገቡ። «እንደምን አረፈዳችሁ! ደረሰልኝ?»

«ደርሷል» አለች። ክዳኑን መልሳ ገጠመች፤ ስላይዱን በትንሿ ሳጥን አድርጋ ሰጠቻቸው።

መምህሩ ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «መቼም ዘይቱ ከተነሣ በኋላ ድጋሚ አይተውታል?» አሉ።

«አላየሁትም» አለች፣ ባሏ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «አያስፈልግም፤ ያጸዳው ባለቤቴ ነው።»