የተግባር ልምምድ ቦታ

ወይስ አስተዳደሩን፣ አስተዳደር ብትማር ምን አለበት፣ ተቀምጦ ወረቀት ማገላበጥ ነው፣ ወረቀት አያስልም፣ ነርሷ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጫማዋን አውልቃ ስልኳ ላይ አፍጥጣለች፣ ሁለቱም በኦንላይን፣ ሁለቱም ዲግሪ፣ የጤና አስተዳደር ከቤት ሳይወጡ፣ ነርሲንጉ ግን «በሥራ ላይ ላሉ የጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ፣ ከተግባር ልምምድ ጋር» ይላል፣ ተግባሩ የት ነው ብላ የኮሌጁን መዝጋቢ ጠዋት ደውላ ጠይቃታለች፣ እህቴ ለእናንተ እኮ ነው የታሰበው፣ እዚያው የምትሠሩበት ክፍል ትለማመዳላችሁ፣ የትም መሄድ የለ። እዚያው። ክፍሏ።

ከመስኮቱ ሥር ያለው አልጋ።

እናቷ የሞተችው እሱ ላይ ነው፣ ባለፈው ክረምት፣ እሷ ወዲያ ማዶ ለሌላ ታማሚ ኦክስጅን ስትገጥም፣ ማንም አላጠፋም፣ ሐኪሙም ነግሯታል፣ ልቧ ነው፣ አጠገቧ ብትቀመጪም አትመልሻትም፣ እሺ፣ ታውቃለች፣ ታዲያ አንሶላው ስንቴ ተቀይሮ የእናቷ ሳል ለምን አይቀየርም፣ በዚያ ባለፈች ቁጥር ትሰማዋለች፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ የተኛበት ሰው እግሩ የተሰበረ ቢሆን እንኳ። ባሏ ያውቃል፣ አስተዳደሩን ያዢና ተገላገይ፣ እዚያ ክፍል እያለሽ ሰው አትሆኚም ይላታል፣ ክፋት የለበትም፣ እውነቱን ነው፣ እውነት ሁሉ ግን መድኃኒት አይሆንም።

ሲስተር፣ አዲስ ታካሚ ገብታለች፣ ትላለች ረዳቷ በሩን ከፍታ። ጫማዋን ታጠልቃለች። የት አስተኛችኋት፣ የት ይሆናል፣ ክፍት ያለው አንድ አልጋ ነው።

ፀጉር ሠሪ ናት፣ ጥፍሮቿ ሥር ቀለም አለ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ነርሷ ትራሱን ከፍ አድርጋ እጇን ይዛ ምቱን ትቆጥራለች፣ ሴትዮዋ ዓይን ዓይኗን ታያታለች፣ ሲስተርዬ እውነቱን ንገሪኝ፣ እዚህ አልጋ ላይ ሰው ሞቶበታል?

ኧረ የለም ማለት ቀላል ነው፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ሳሉም ይመጣል፣ ሁለት አጭር፣ እና፣ ሞቷል ትላለች፣ ድኖ የሄደም ብዙ ነው፣ ከሞቱት አንዷን በደንብ አውቃታለሁ፣ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ አንቺንም አታስቸግርሽም። ሴትዮዋ ትራሱ ላይ ትደላደላለች። እንግዲያው ጥሩ፣ ከማይታወቅ የሚታወቅ ይሻላል፣ ፀጉርሽን ግን ማን ነው እንዲህ ያበላሸብሽ፣ ስነሣ እኔ ጋ ነይ። ነርሷ ትስቃለች፣ በዚህ አልጋ አጠገብ፣ ሳቋ ራሷን ያስደነግጣታል፣ ረጅሙ ሳል ይምጣ ይቅር አልሰማችም።

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ትደውላለች፣ ለነርሲንጉ መዝግቢኝ፣ እሰይ ጎሽ፣ ትላለች መዝጋቢዋ፣ የልምምድ ቦታ፣ እዚሁ፣ ክፍሌ፣ ኪቦርዱ ይንኳኳል፣ ድንገት ብትታመሚ የሚጠራ ሰው፣ እናቴ፣ ይላል አፏ፣ ስልኳ ስንት ነው፣ ቁጥሩም ይወጣል፣ ሳይደናቀፍ፣ እስከ መጨረሻው፣ መዝጋቢዋ መልሳ ታነብላታለች፣ ትክክል ነው ትላለች ነርሷ፣ መዝጋቢዋም፣ እናትሽ ሲደወልላቸው ቶሎ ያነሣሉ?

በጣም፣ ትላለች ነርሷ፣ በጣም ቶሎ ታነሣ ነበር፣ ከወዲያ ማዶ የኪቦርዱ ድምፅ ቀጥ ይላል።