ባለ መጥረቢያው ሰውዬ

የልጅ ልጄ አምደሚካኤል የቴሌቪዥን ጨዋታውን የተወው ዐሥረኛ ክፍል ሳለ ነው። ከሮብ ገበያ ድንች በጫነ አይሱዙ ሲመጣ የመኪናው በር ቀኝ እጁ ላይ ተዘጋ። ወጌሻው አሽቶ አሰረው፤ አጥንቱ ገጠመ፣ አውራ ጣቱ ግን እንደ ልብ መታጠፍ እምቢ አለ። ፕሌይስቴሽኑን በጆንያ ጠቅልሎ አልጋ ስር ከተተው። እኔም እሰየው አልሁ፣ ዓይኑ ይተርፋል ብዬ።

ዘንድሮ ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቆ ምደባ ሲጠብቅ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጆንያውን ፈታው።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ልጨርሰው ነው እማማ። የመጨረሻው ጠላት፣ ባለ መጥረቢያው ሰውዬ ብቻ ነበር የቀረኝ።»

«በዚያ እጅ?»

«ለሱ እኮ ነው። ጣቴ ይሠራ እንደሆን ልየው።»

የተጫወቱትን የሚያስቀምጥ ሚሞሪ ካርድ የሚሉት ነገር የለውም፤ መብራት ከጠፋ የሄደው ሁሉ ከንቱ ነው፣ ከሀ ይጀምራል። ስለዚህ ሳይነሳ ዋለ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰው በሰይፍ ይቆርጣል፣ ግድግዳ ይወጣል፣ ይወድቃል። ምሳውን እኔ አጎረስሁት። ጨዋታውን ሳይሆን አውራ ጣቱን ነበር የማየው፤ ከሰዓት በኋላ አበጠ።

«ይብቃህ አንተ ልጅ! ጠመኔ ልትይዝበት አይደለም ወይ?»

«ደረስሁ እኮ። ይኸውልዎ፣ እሱ ነው።»

ሰውዬው ቁመቱ ቤት ያህላል። መጥረቢያውን አንድ ጊዜ አሳረፈና አምዴን ገደለው። መሞቱስ ችግር የለውም፣ ከዚያው ከሰውዬው በር ይነሳል፤ መብራት እስካለ ድረስ።

ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ብልጭ ድርግም አለ። ጎረቤታችን አስማማው ብየዳ ቤት አለው፣ ቆጣሪያችን አንድ ነው። እሱ መበየድ ሲጀምር ብዙ ጊዜ የእኛ መብራት ይጠፋል።

«እማማ!» አለ አምዴ ዓይኑን ሳይነቅል። «ትንሽ ይቆይልኝ ይበሉት!»

ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። አስማማው የብረት በር ፊቱ አጋድሞ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል።

«ምን ጎደለ እትዬ ሥራነሽ?»

«አምዴ ጨዋታ ይዟል።»

«እኔ ደግሞ ሥራ ይዣለሁ!» ሳቀ። «ያን ዕቃ መብረቅ በመታልኝ ሲሉ አልነበረም እንዴ? አንድ ጊዜ በሩን በብየዳ ልንካውና ልገላግልዎ?»

እውነቱን ነው። አንድ ብልጭታ፣ ከዚያ ጨለማ፣ ከዚያ እጁን ለብ ባለ ውሃ እነክርለታለሁ። ማንም አይወቅሰኝም።

«ተው» አልሁት። «እጁን እየፈተነ ነው።»

አስማማው ሳቁን ዋጠ። የዚያን እጅ ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጓንቱን አውልቆ ተከተለኝ።

በሩ ላይ ቆመን አየን። አምዴ ደጋግሞ ሞተ።

«ከኋላው ዙርበት!» ይላል አስማማው።

«አንተ በርህን በይድ!» ይለዋል አምዴ።

በመጨረሻ አውራ ጣቱ አልታዘዝ ሲለው፣ በእጁ የያዘውን መጫወቻ፣ ጆይስቲኩን፣ ጭኑ ላይ አስደገፈና በጠቋሚ ጣቱ ይወቃው ጀመር። ሰውዬው ተንገዳግዶ ተደፋ።

«ሠራልህ?» አልሁት።

«አውራ ጣቴ አልሠራም። በሌላው ነው የጣልሁት።» እጁን ዘርግቶ አየው። «እንግዲህ እስኪድን አልጠብቀውም።»

ከዚያ ወደ አስማማው ዞሮ፣ «በይድ» አለው።

ቴሌቪዥኑ ላይ ጨዋታውን የሠሩት፣ የማናውቃቸው ሰዎች ስም ገና እየወጣ ነበር።